ቀን የተቆረጠለት ተስፋ

አማርኛ «መቁረጥ» የሚለውን ቃል ለሁለት ተቃራኒ ነገር ይጠቀምበታል። ሰው ከእንግዲህ አይሆንልኝም ሲል «ተስፋ ቆረጠ» እንላለን። ሽማግሌ ተልኮ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች ተስማምተው ሰርግ ሲታሰብ ደግሞ «ቀን ተቆረጠ» እንላለን። አንዱ የለቅሶ ቤት፣ ሌላው የድግስ ቤት ቃል ነው። የሚያገናኛቸው ነገር ያለ አይመስልም። እኔ ግን ዕድሜዬ ወደ አርባ እየተጠጋ ሲሄድ፣ በዙሪያዬ ያሉትን ሰዎች ሳይ፣ ሁለቱ ቃላት ጎረቤታሞች እንደሆኑ እየገባኝ መጥቷል። በተስፋው ላይ ቀን የቆረጠ ሰው፣ ቀኑ ሲያልፍበት ቀጥሎ የሚቆርጠው ተስፋውን ነው።

«ብርጭቆው ግማሽ ሙሉ ነው ወይስ ግማሽ ባዶ?» የሚለውን ጥያቄ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ሙሉ ነው ያለ ተስፈኛ፣ ባዶ ነው ያለ ጨለምተኛ ይባላል። ከዚያ ተስፈኛው ደስተኛ፣ ጨለምተኛው የተከፋ ተደርጎ ይመዘገባል። አነቃቂ ንግግር የሚሸጥባቸው አዳራሾች የቆሙት በዚህ ሒሳብ ላይ ነው፦ በጎ አስብ፣ በጎ ይሆንልሃል፣ ደስተኛም ትሆናለህ። ተረታችን ደግሞ በተቃራኒው «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» ይላል። አራስ የምትበላውን ገንፎ እንኳ ጠርጥረን የምናላምጥ ሕዝብ ነን።

የአዳራሾቹ ሒሳብ ልክ ቢሆን ኖሮ በእኛ ቤት ደስተኛዋ እናቴ፣ የተከፋው አባቴ በሆኑ ነበር።

አባቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ለእሱ ዛሬ ውሃ መጣ ማለት ነገ ይጠፋል ማለት ነው። ቢጫ ጀሪካኖቹ ሁሌም ሙሉ ናቸው። ሻማና ክብሪቱ የት እንዳሉ በጨለማ ያውቃል። መንገድ ልንወጣ ስንል ምርቃቱ «ጃንጥላ ያዙ» ነው። ዋጋ ወረደ ሲባል «ለመዝለል ወደ ኋላ እያለ ነው» ይላል። ይህ ሰው ግን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ጎኑ ፍራሽ እንደነካ ያንኮራፋል። መብራት የጠፋ ዕለትማ የበዓል ያህል ደስ ይለዋል፤ ሻማውን አብርቶ የድሮ ተማሪዎቹን ጉድ እያወራ ያስቀናል።

እናቴ የቤታችን ተስፈኛ ናት። «ሁሉም ለበጎ ነው» የምትለው እሷ ናት። «ዘንድሮ ያልፍልሃል ልጄ» ብላ የምትመርቀኝም እሷ ናት። ሌሊት እንቅልፍ አጥታ የምትገላበጠውም እሷው ናት። ስልክ ካላነሳሁ ሦስቴ ትደውላለች። ዘመን በተለወጠ ቁጥር ጳጉሜን ላይ ፊቷ ይጠቁራል፤ «ዘንድሮ» ያለችው ሁሉ ሳይሆን ዓመቱ ሊያልቅ ነዋ።

የሁለቱን አነጋገር ልብ ብላችሁ ብትሰሙ ልዩነታቸው በጎና ክፉ ማሰብ ላይ አይደለም። አባቴም «ያልፋል» ይላል። መቼ እንደሚያልፍ ግን ተናግሮ አያውቅም። እናቴ ስትናገር «ዘንድሮ»፣ «ለፋሲካ»፣ «በዚህ ክረምት» የምትል ቃል አትጠፋም። የእሷ ተስፋ ቀን ተቆርጦለታል። የእሱ አልተቆረጠለትም።

ይህ የቤታችን ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር። ነገር ግን ከማንም በከፋ ቦታ የኖሩ ሁለት ሰዎች ተመሳሳይ ነገር አይተው ጽፈዋል፤ ተናግረዋል።

የመጀመሪያው ቪክቶር ፍራንክል ነው። የቪየና የአእምሮ ሐኪም ነበር፤ አይሁዳዊ በመሆኑ ኦሽዊትዝን ጨምሮ በናዚ ማጎሪያ ካምፖች ታስሯል። በጦርነቱ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ በ1944 ገናና በ1945 አዲስ ዓመት መካከል ባለው ሳምንት በካምፑ የሚሞተው ሰው ቁጥር ከወትሮው እጅግ ጨመረ። የካምፑ ዋና ሐኪም ምክንያቱን ሲያስረዳው ሥራው ስለከበደ፣ ምግቡ ስላነሰ፣ ብርዱ ስለጠና ወይም አዲስ ወረርሽኝ ስለገባ አይደለም አለው። ብዙ እስረኞች «ለገና ቤታችን እንገባለን» ብለው ነበር። ገና መጣ፣ ገና አለፈ። ሰውነታቸው የያዘውን ጉልበት ለቀቀ።

እዚያው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ሌላ እስረኛ አለ። በሕልሙ ድምፅ ሰማ፤ የሚፈታበትን ቀን ጠየቀው፤ ድምፁም መጋቢት 30 ብሎ መለሰለት፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ሰውየው በዚያ ሕልም ደስ ብሎት ከረመ። ቀኑ ሲቃረብ ግን የሚሰማው የጦር ወሬ ነፃ የሚወጡ የማያስመስል ሆነ። 29ኛው ቀን ላይ ትኩሳት ያዘው፣ 30ኛው ቀን ላይ ራሱን ሳተ፣ 31ኛው ቀን ላይ ሞተ። በወረቀት ላይ የገደለው ታይፈስ ነው። ፍራንክል ግን በሽታውን ሲቋቋምበት የነበረው አቅም የተሰበረው ቀኑ በመክሸፉ ነው ብሎ ያምናል።

ሁለተኛው ጄምስ ስቶክዴል የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አብራሪ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 1965 ቬትናም ላይ አውሮፕላኑ ተመትቶ ተያዘ፤ የተፈታው በየካቲት 1973 ነው። ከሰባት ዓመት በላይ መሆኑ ነው፤ በዚህ መካከል ደጋግሞ ተገርፏል፣ አጥንቱ ተሰብሯል። ከዓመታት በኋላ ጂም ኮሊንስ የተባለ ጸሐፊ «ከእስር ሳይወጡ የቀሩት እነማን ነበሩ?» ብሎ ጠየቀው። መልሱ ጠያቂውን ግራ አጋባው፦ ተስፈኞቹ። ለገና እንወጣለን ይሉ ነበር፣ ገና ያልፋል። ከዚያ ለፋሲካ ይላሉ፣ ፋሲካም ያልፋል። እንዲህ እያሉ ልባቸው ተሰብሮ ሞቱ አለው። ስቶክዴል ራሱስ? እሱም እወጣለሁ ብሎ ያምን ነበር፤ ለአንድ ቀንም አልተጠራጠረም። ነገር ግን ቀን አልቆረጠም። መጨረሻውን አመነ፣ ዛሬ ያለበትን ሁኔታ ደግሞ እንደ ክፋቱ አየው።

በእርግጥ የሁለት ሰዎች ምስክርነት ነው፤ ቆጠራ አይደለም። ሆኖም ሁለቱም የሚሉት «ተስፋ ይገድላል» እንዳልሆነ አስተውሉ። ሁለቱንም ያኖራቸው ተስፋ ነው። ገዳዩ የሌላውን ሰው ቀን የራስ አድርጎ መቁረጥ ነው። የጦርነቱ መጨረሻ በእስረኛው እጅ አልነበረም፤ እሱ ግን ቀጠሮ እንደተሰጠው ሰው ጠበቀ።

ከማጎሪያ ካምፕ ወደ እኛ ሰፈር ስመጣ መከራውን ላወዳድር ፈልጌ አይደለም። የቀን አቆራረጡ ጠባይ ግን አንድ ነው።

አንድ ጓደኛ አለኝ። የሒሳብ ሠራተኛ ነው፣ ደመወዙም የሚናቅ አይደለም። ለአሥራ አንድ ዓመት ወለል ላይ በተዘረጋ ፍራሽ ነው የተኛው። «አልጋ ግዛ እንጂ!» ስንለው፣ «ዲቪ ቢደርሰኝ ለማን ልተወው?» ይላል። መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት ላይ ይሞላ፣ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ውጤቱን ያይ ነበር። ከዚያ ለሁለት ሳምንት ስልኩን አያነሳም ነበር። ከዚያ እንደገና ይሞላ ነበር። በዚህ መካከል ሁለት ጊዜ ለትዳር የተፈላለጋትን ሴት «ሁኔታዬ ይለይ» ብሎ ሸኝቷል። አንዷ አሁን የሁለት ልጆች እናት ናት።

ይህን ሰው ተስፈኛ ልበለው ወይስ ጨለምተኛ? ለማዶው ተስፈኛ ነው፤ ቆሞ ለሚራመድበት መሬት ጨለምተኛ ነው። መውጣት መፈለጉን አልነቅፍም፤ ኑሮውን የሚያውቅ ሰው አይፈርድበትም። የሚያንገበግበኝ የዕጣው አለመውጣት አይደለም። ዕጣው ቢወጣለት ኖሮ እንኳ ያ አሥራ አንድ ዓመት የእሱ ነበር፤ አልኖረበትም።

በሌላ በኩል የሰፈሬ ሰው ሁሉ «እማማ» የሚላቸው እናት አሉ። እንጀራ ጋግረው ይሸጣሉ። በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ከተመዘገቡት አንዷ ናቸው፤ ከዚያ ጀምሮ ወር አያዘልሉም፣ ይቆጥባሉ። ሐምሌ 2014 የወጣውን ዕጣ ታስታውሳላችሁ፤ ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች ነበሩ። ስማቸው አልነበረም። በቀናት ውስጥ ደግሞ ዕጣው ተሰረዘ ተባለ፤ ኅዳር 2015 ላይ እንደገና ወጣ። አሁንም ስማቸው የለም። ሁለቱንም ጊዜ አልቅሰዋል። ቀን ያልቆረጠ ሰው አያለቅስም ያለ ማን ነው? በማግሥቱ ግን ምጣዳቸውን አሟሹ፤ ወሩ ሲደርስም ባንክ ሄደው ቁጠባቸውን ከፈሉ።

እማማ የሚኖሩባትን አንዲት የኪራይ ክፍል በየሁለት ዓመቱ በራሳቸው ገንዘብ ቀለም ያስቀባሉ። በር ላይ በዘይት ቆርቆሮ ጤና አዳምና በሶብላ ተክለዋል። አንድ ቀን የአከራያቸው ልጅ እኔ ባለሁበት «እማማ፣ በሰው ቤት ላይ ለምን ገንዘብዎን ያፈሳሉ? ነገ ቤት ይደርስዎት የለ?» አላቸው። እንጀራውን ከምጣዱ እያወጡ፣ «ቤቱ የሰው ነው ልጄ፤ ዕድሜው ግን የእኔ ነው» አሉት።

ስለ ደስታ የተጻፈ ብዙ መጽሐፍ አገላብጫለሁ፤ ከዚህች አረፍተ ነገር የሚበልጥ ብዙም አላገኘሁም።

«ታዲያ ማለም ይቅር ነው የምትለው?» የሚለኝ አይጠፋም። እስቲ ስለ ማለም አንድ የሩቅ ዘመድ ላስተዋውቃችሁ። እ.ኤ.አ. በ1759 እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን «ራሴላስ» የተባለ ልቦለድ አሳተመ፤ የእናቱን የቀብር ወጪ ለመሸፈን በጥቂት ምሽቶች የጻፈው ነው ይባላል። ኢትዮጵያን አይቷት አያውቅም፤ ነገር ግን ቀደም ብሎ የጄሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ታሪክ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ነበር። ልቦለዱን በኋላ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። ባለታሪኩ የንጉሠ ነገሥቱ አራተኛ ልጅ ነው፤ ምንም በማይጎድልበት፣ ነገር ግን መውጣት በማይፈቀድበት ሸለቆ ውስጥ ይኖራል። ምንም ስለማይጎድለው አዘነ። እንደምንም ልውጣ ብሎ ወሰነ። ከዚያ ምን አደረገ? ወጥቶ ስለሚሠራው ጀብድ እያለመ 20 ወር አሳለፈ። ጊዜው እንደባከነ የገባው ዕለት ደግሞ፣ ከእንግዲህ ጊዜ አላባክንም እያለ ሲወስን ሌላ አራት ወር አለፈው።

ጆንሰን ይህን በፌዝ ጻፈው። ከ230 ዓመት በኋላ ገብርኤሌ ኦቲንገን የተባለች ጀርመናዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ በቁጥር አየችው። ክብደት ለመቀነስ የአንድ ዓመት ፕሮግራም የጀመሩ 25 ሴቶችን ሁለት ነገር ጠየቀች። አንደኛ፣ ይሳካልኛል ብለሽ ትጠብቂያለሽ? ሁለተኛ፣ ከቀነስሽ በኋላ ራስሽን ስትስይው ምን ይታይሻል? በ1991 የታተመው ውጤት እንዲህ ነው፦ ይሳካልኛል ብለው የጠበቁት ካልጠበቁት በ12 ኪሎ ገደማ የበለጠ ቀነሱ። በጣም ያማረ ሥዕል በዓይነ ሕሊናቸው የሣሉት ግን ካልሣሉት በ11 ኪሎ ገደማ ያነሰ ነው የቀነሱት። ሁለቱም «በጎ ማሰብ» ናቸው፤ አንዱ ጉልበት ሰጠ፣ ሌላው ጉልበት በላ። ሥዕሉ ቀድሞ ስላጠገባቸው መንገዱን መሄድ አቃታቸው። እኛ ይህን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብለን ከጨረስነው ቆይተናል።

ሌላው ወገን ደግሞ «እንግዲያው ምንም አለመጠበቅ ነው! ያልጠበቀ አያዝንም» ይላል። ይህም ብልህነት ይመስላል፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው እውነት። እ.ኤ.አ. በ2014 ሮብ ረትሌጅና ባልደረቦቹ ለንደን ውስጥ ባደረጉት ጥናት ሰዎች ትንንሽ የገንዘብ ጨዋታ እየተጫወቱ በየመካከሉ አሁን ምን ያህል ደስተኛ ነህ ተብለው ተጠየቁ። ከ18 ሺህ በላይ ሰዎች በስልካቸው ተሳትፈዋል። ያገኙት የምናውቀውን ነው፦ ደስታ ካገኘነው መጠን ይልቅ ያገኘነው ከጠበቅነው በመብለጡ ላይ ይመካል። ነገር ግን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ በጎ ነገር መጠበቁ ራሱ፣ ውጤቱ ሳይታወቅ ገና፣ ደስታ ይጨምራል። ቅዳሜ ከጓደኛህ ጋር ክትፎ ልትበላ ከሆነ ሐሙስ ላይ ነው ደስታው የሚጀምረው። ምንም የማይጠብቅ ሰው ከሐዘን ያተርፋል፣ ሐሙሱን ግን ይከስራል።

ደግሞም «በዚህ አገር ምንም አይሆንም» የሚለውን ሰው ጠጋ ብላችሁ ስሙት። ከተስፈኛው ጋር አንድ ነገር ይጋራል፤ ሁለቱም ነገን አውቀነዋል ይላሉ። አንዱ ነገ ለበጎ እንደተወሰነ፣ ሌላው ለክፉ እንደተወሰነ። ነገን ያወቀ ሰው ደግሞ ዛሬ የሚሠራው የለውም። ሻይ ቤት ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲከራከሩ ታዩዋቸዋላችሁ፤ ሲከራከሩ ይመሻል።

አባቴ ከእነዚህ ጋር አይመደብም። እሱ ክፉ ይመጣል ብሎ አይቀመጥም፤ ጀሪካን ይሞላል። ጁሊ ኖረም የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ይህን ጠባይ ለዓመታት አጥንታዋለች። ሊበላሽ የሚችለውን ሁሉ አስቀድመው እያሰቡ የሚዘጋጁ ጭንቀታም ሰዎች ሥራቸውን በደንብ ይወጣሉ፤ «አይዞህ፣ አታስብ» ተብለው ያንን እንዲተዉ ሲደረጉ ግን ውጤታቸው ይወርዳል። ጨለምተኝነት እጅ ሲኖረው ጥንቃቄ ይባላል።

የእኔ ሙያም ይህን አስተምሮኛል። ቋሚ ደመወዝ የሌለኝ፣ በጽሑፍ የሚከፈለኝ ጋዜጠኛ ነኝ። «በሚቀጥለው ሳምንት» የተባለ ክፍያ ስምንት ወር የወሰደበት ጊዜ አለ፤ ተቋሙን መጥራት አያስፈልግም፣ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ደብተሬ ላይ ሁለት ዓምድ አለ፦ «የገባ» እና «ይገባል የተባለ»። የቤት ኪራይ የምከፍለው፣ ዘይት የምገዛው ከመጀመሪያው ዓምድ ብቻ ነው። ሁለተኛውን እንደሌለ ነው የምቆጥረው። ጠዋት ግን ሁሉም ተቀባይነት እንደሚያገኝ አምኜ ሦስት የጽሑፍ ሐሳብ እልካለሁ። አምኜ ካልላክሁት አይጻፍም፤ ጠርጥሬ ካልመነዘርኩት አልኖርም። ለሥራዬ ተስፈኛ፣ ለወጪዬ ጨለምተኛ ነኝ። ሁለቱ ቦታ የተለዋወጡ ዕለት ጉድ ይፈላል።

ስቶክዴል ከመታሰሩ በፊት ኤፒክቴተስን አንብቦ ነበር። ኤፒክቴተስ በባርነት የኖረ የጥንት ፈላስፋ ነው፤ ትምህርቱ ሲጠቀለል በእጅህ ያለውንና በእጅህ የሌለውን ለይ የሚል ነው። ይህን ወደ እኛ ቃል ልመልሰው፦ በእጅህ ላለው ነገር ቀን ቁረጥ፤ በእጅህ ለሌለው ነገር ተስፋ ይኑርህ እንጂ ቀን አትቁረጥ።

የእኔ ዕድሜ እኩዮች ግን የምናደርገው ግልባጩን ነው። ሰላም በዚህ ዓመት ይወርዳል፣ ዶላር እስከ መስከረም ይረጋጋል፣ ዕጣው በዚህ ዙር ይወጣል ብለን በማናዝበት ነገር ላይ ቀን እንቆርጣለን። ማግባት፣ መውለድ፣ ታሞ የተኛ ወንድም መጠየቅ፣ አልጋ መግዛት ሲሆን ግን «ሁኔታው ሲረጋጋ» እንላለን። በእጃችን ያለው ቀን የለውም፤ በእጃችን የሌለው ቀን ሞልቶታል። ከዚያ ደስታ ለምን ራቀን ብለን ተሰብስበን እንወያያለን።

ሁኔታው ላይረጋጋ ይችላል። ይህን ስል ጨለምተኛ ሆኜ አይደለም፤ አያቶቻችንም የተረጋጋ ዘመን ጠብቀው ቢሆን ኖሮ እኛ አንወለድም ነበር። ያገቡት በጦርነት መካከል፣ የወለዱት በድርቅ ማግስት ነው። ተስፋቸው ረጅም ነበር፤ ቀጠሯቸው ግን የሰርጉ፣ የአዝመራው፣ የክርስትናው ነበር።

እኔና እጮኛዬ ለሦስት ዓመት «ይረጋጋ» ስንባባል ከርመን፣ ባለፈው ወር ሽማግሌ ተልኮ ለጥር ቀን ተቆርጧል። አዳራሽ የለም፤ በእነሱ ግቢ ድንኳን ይጣላል። እናቴ «ዘንድሮ ብዬ አልነበር?» እያለች ሰፈሩን አዳርሳለች። የድንኳኑ ነገር ለአባቴ ተሰጥቷል፤ ዝናብ ቢመጣስ ብሎ ከላይ ሸራ እንዲደረብ አዝዟል።

በጥር።